የጎሹና የባላምባራስ እርቅ

«ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት በድንገት ታሞ የነበረው የቪዲዮ ማጫወቻችን፣ ቪንተርቱር ድረስ ተወስዶ ልዩ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በሰላም ወደ ቤቱ የተመለሰ መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን። የተለመደው የቅዳሜ ትግል ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሜራን በሚገኘው መኖሪያ ቤታችን ይቀጥላል። በሕመሙ ጊዜ ስልክ በመደወልና በአካል በመገኘት ላጽናናችሁን ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። ኅሩይና ቤተሰቡ።»

መልእክቱ ሐሙስ ጠዋት በስልክ ግሩፕ ተላለፈ። ግሩፑ ውስጥ አምስት ሰው አለ። አንደኛው ጸሐፊው አቶ ኅሩይ ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉወርቅ ሲሆኑ፣ መልእክቱ ሲጻፍ እዚያው ሶፋ ላይ ጎናቸው ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቢሆንም ስልካቸው ሲጮህ ትሪውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ እስከ መጨረሻው አንብበው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ጻፉ። ሦስተኛዋ ልጃቸው ሶሊያና ናት፤ በስዊስ ሌላኛው ጫፍ፣ ቪንተርቱር ውስጥ በነርስነት ትሠራለች፣ ማሽኑንም በባቡር ተሸክማ ወስዳ ያሳከመችው እሷ ናት። የቀሩት ሁለቱ እንግዶች ናቸው፦ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አቶ አስረስና ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ማዶ፣ ከኦ ቪቭ በትራም የሚመጡት አቶ ታዲዮስ።

ትግል የተባለውን ለማያውቅ ሰው እናስረዳ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻና በዘጠናዎቹ፣ በሳተላይት በሚመጣ ቻናል የአሜሪካኖች ትግል ይታይ ነበር። ሬስሊንግ ይሉታል። በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝኑ፣ ሱሪ የሌላቸው ግን ካባ ያላቸው ሰዎች ወጥተው ይወራወራሉ። አንዱ ደግ ነው፣ አንዱ ክፉ። ክፋቱ የሚሠራው ሁልጊዜ ዳኛው ፊቱን ባዞረ ሰዓት ነው። በዚህ በኩል የእኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አቶ ኅሩይ ከዚህ ትግል መቶ አሥራ ሁለት ካሴት ቀድተው አስቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ የሚታዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ደጉ ባፋሎ ዌንደል ይባላል፤ ፀጉራም ቆዳ ይደርባል፣ ሲናደድ መሬቱን በእግሩ ይጭራል። ቤቱ ጎሹ ብሎታል። ክፉው ሎርድ ኦስግሩቭ ነው፤ ባለ ባርኔጣ የእንግሊዝ መኳንንት። ወይዘሮ ሙሉወርቅ «ከኋላ ለሚማታ ሰው ይሄ ሁሉ ማዕረግ አይገባውም» ብለው ወደ ባላምባራስነት ዝቅ አድርገውታል። ሁለቱ መጀመሪያ ወዳጆች ነበሩ፤ አንድ ወገን ሆነው ነበር የሚታገሉት። በ1991 ጎሹ የድል ቀበቶውን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ሲያሳይ፣ ባላምባራስ የብረት ወንበር አንሥቶ ጀርባውን አለው። ይህ ካሴት ቁጥር ሰባ ሦስት ነው። በዐቢይ ጾም አይታይም። አቶ አስረስ በልጅነታቸው ለድቁና ሁለት ዓመት ስለተማሩ ጉዳዩን የወሰኑት እሳቸው ናቸው፦ በጾም ትግል ማየት ይቻላል፣ መሳደብ አይቻልም። ሰባ ሦስት ሳይሳደቡ የሚታይ ስላልሆነ እስከ ፋሲካ ይቆያል።

አሁን አንድ ምስጢር እንናገር። ትግሉ የእውነት አይደለም። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ይነገራቸዋል፤ ወንበሩ የሚያርፍበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ጠላቶቹም ሲያልቅ በአንድ መኪና ተሳፍረው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። አቶ ኅሩይ ይህን በ1990 የሰሙት በሥራ ቦታ አብሯቸው የመዝገብ ሣጥን ከሚያመላልስ የስዊስ ሰው ነው። ሰውየው እየሳቀ ነገራቸው። አቶ ኅሩይ አልሳቁም። «ለሌላ ሐበሻ ነግረሃል?» ብለው ጠየቁት። አልነገርኩም አለ። «እንዳትነግር» አሉትና ምሳ ጋበዙት።

ምክንያታቸው አቶ ታዲዮስ ናቸው። ሁለቱ በ1988 መጨረሻ ላይ በስደተኞች መጠለያ አንድ ክፍል ደርሷቸው ነበር። አቶ ታዲዮስ ሰባት ወር አልተናገሩም። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ቢጠሯቸው ይዞራሉ፤ ቃል ግን የለም። ሐኪም አያቸው፣ ቄስ አያቸው፤ አስተርጓሚ እንኳ ተልኮ ዝም ያለ ሰው ፊት ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ ፎርም ሞልቶ ሄደ። አንድ ቅዳሜ የጋራው ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ትግል ነበር። ጎሹ ጀርባውን ሰጥቶ ሕዝቡን ሲያመሰግን አንዱ ገመድ ላይ ወጥቶ ሊዘልበት ተዘጋጀ። አቶ ታዲዮስ ከወንበራቸው ተነሥተው ቤቱ እስኪናወጥ «ከኋላህ! ወንድሜ፣ ከኋላህ ነው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ዙሪያቸውን አዩና ተቀምጠው «ውሃ አለ?» አሉ።

አቶ ኅሩይ በሳምንቱ የቪዲዮ መቅጃ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ያላቸው ፍርሃት አንድ ነው፦ ታዲዮስ እንዳያውቅ። የዚህን ሰው አፍ የከፈተው ነገር የፈጠራ መሆኑን ከሰማ፣ አፉ ተመልሶ ይዘጋል ብለው ይሰጋሉ። ለሚስታቸውም አልነገሩም፤ ባላምባራስን ከልቧ ስለምትራገመው ልቧን መስበር አልፈለጉም። ለአስረስም አልነገሩም፤ አስረስ የሰማውን ቤተ ክርስቲያን ይሰማዋል።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ማሽኑ ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀመጠ። አቶ አስረስ እግራቸውን ዘርግተው «እንኳን ለዚህ አበቃው» አሉ። ገና ካሴቱ ሳይገባ ሶሊያና እጇን አነሣች።

«አባዬ፣ ሱርፕሪዝ አለኝ። ጎሹና ባላምባራስ ዙሪክ ይመጣሉ።»

አቶ ኅሩይ ሻዩ ትን አላቸው።

«ኤርሊኮን አዳራሽ አለ፣ ትልቅ። የድሮ ነገር ለሚወዱ ሰዎች ነው፤ አሻንጉሊት፣ ፊልም፣ ምናምን። እነሱ ፎቶ ላይ ይፈርማሉ። ትኬት ያዝኩ፣ ፑር ቱ ለ ሞንድ። ለሁላችሁም!»

«ኤርሊኮን ሩቅ ነው» አሉ አቶ ኅሩይ ሳል ሳል እያላቸው።

«አባዬ፣ ባቡሩ ቀጥታ ዙሪክ ይገባል። ከዚያ በኋላ ደቂቃ ነው።»

«ጉልበቴም…»

«ባለፈው ሳምንት ሳሌቭ ተራራ ላይ ወጥተሃል!» አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ።

አቶ ኅሩይ የሚታያቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተመታቱ ሲሳሳቁ፤ ታዲዮስም ፊት ለፊት ቆሞ ሲያይ።

አቶ ታዲዮስ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ኅሩይን በጎን አየት አደረጉና «ሁለቱም?» አሉ። «አንድ ጠረጴዛ?»

«አዎ ጋሼ ታዲ። አንድ ጠረጴዛ።»

«ሳይታረቁ?»

አቶ አስረስ የዘረጉትን እግር ሰበሰቡ።

«ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል እኮ» አሉ አቶ ታዲዮስ። «በቂም ላይ ሞት ቢቀድማቸው ማን ነው የሚጠየቀው? እኛ በካሴት ስንመሰክር የኖርን ሰዎች አይደለንም? ሽማግሌ ሆነን ገብተን እናስታርቃቸው።»

«አሜሪካኖቹ ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?» አሉ አቶ አስረስ።

«ጠበቃ ነው ያላቸው» አሉ አቶ ታዲዮስ።

«ሳያዋጣቸው ቀርቶ ነዋ እዚህ የደረሱት» አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ። «ሦስት ወንድ አላችሁ፣ ለሽምግልና ይበቃል። ዳቦውን እኔ እደፋለሁ።»

አቶ ኅሩይ እንቢ የሚሉበት ቀዳዳ አጡ። ሽምግልናን እንቢ የሚል ሽማግሌ በሕግም በልማድም የለም።

ባቡር ውስጥ አራቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሄዱ። ዳቦው አምስተኛ መቀመጫ ይዞ ነበር፤ ትኬት ተቆጣጣሪዋ አየችው፣ አሸተተችው፣ አለፈችው። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው አደሉ። አቶ ታዲዮስ የሚናገሩትን በትንሽ ደብተር ላይ ይጽፉና ይሰርዙ ነበር። አቶ ኅሩይ በመስኮቱ ሐይቁን እያዩ አሳባቸው አንድ ነበር፦ ቀድሞ መድረስ። ሰዎቹን ብቻቸውን አግኝቶ መለመን።

ሶሊያና አዳራሹ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ውስጥ ጎልማሳ የስዊስ ሰዎች የፕላስቲክ ጎራዴ ታጥቀው በሥርዓት ተሰልፈዋል። ማንም ማንንም አይገፋም። ሶሊያና ለአዘጋጆቹ አስቀድማ ተናግራ ስለነበር ከፊርማው በፊት ግማሽ ሰዓት በኋላኛው ክፍል እንደሚሰጣቸው ነገረቻቸው።

«ገና ሃያ ደቂቃ አለ» አለች።

«እንግዲያው ውሃ ልግዛ» አሉ አቶ ታዲዮስና ሄዱ።

«እኔም ነጠላዬን ላስተካክል» አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ።

«እኔ እግሬን ላፍታታ» አሉ አቶ አስረስ፤ ከሚያስቡት በላይ ፈጠን ብለው።

አቶ ኅሩይ አምላካቸውን አመሰገኑ። ሶሊያናን ፕሮግራም እንድታመጣ ላኳት። ከዚያ ወደ ኋላኛው ክፍል መንገድ ጀመሩ፤ መንገዱ ግን በቆርቆሮ ልብስ ለባሾች ተዘግቶ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ፈጀባቸው። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ «እርስዎም?» የሚል ፊት አሳያቸውና ገለል አለ።

ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ሳንድዊች ለሁለት ከፍለው ይበላሉ። ጎሹ መላጣ ሆነዋል። ባላምባራስ የጆሮ መስሚያ አላቸው። ሽበት ስላየን ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን።

«ጌቶቼ» አሉ አቶ ኅሩይ በእንግሊዝኛ። «አንድ ወዳጅ አለኝ። ትግላችሁ እውነት ይመስለዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ። እናንተን አይቶ ነው ንግግር የጀመረው፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። አሁን ሊያስታርቃችሁ ይመጣል። እባካችሁ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ተጣልታችሁ ቆዩልኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። ባላምባራስ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«እርስዎም?» አሉ።

«እንዴት?»

«እርስዎም ሳንድዊች ይፈልጋሉ ወይ ለማለት ነው።»

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ።» ጠረጴዛው ላይ ገና ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስና በወረቀት ላይ የፈሰሰ እፍኝ ቆሎ ነበር። አሜሪካኖችም ቆሎ ይበላሉ ማለት ነው ብለው አለፉት።

ጎሹ አፋቸውን ጠረጉ። «በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እንድንዋሽለት ይለምነን ነበር። ኋላ ሰው ሁሉ አወቀ፣ አወቅን ብሎም ስቆብን ሄደ። ዛሬ ጥሩ ቀን ነው። የእናንተ ሥርዓት እንዴት ነው? እኛ ምን እናድርግ?»

አቶ ኅሩይ አስረዱ። መጀመሪያ እንቢ ይባላል። ሁለተኛም እንቢ ይባላል፣ ግን ትንሽ ለስለስ ተብሎ። ሽማግሌዎቹ «ካልታረቃችሁ አንቀመጥም» ይላሉ። ሦስተኛው ላይ በዳይ የተበዳይን ጉልበት ሊስም ዝቅ ይላል፤ ተበዳይ ሳያስነካ ያነሣዋል።

«ማን ማንን ይመታል?» አሉ ባላምባራስ።

«ማንም ማንንም አይመታም።»

«ከባድ ነው» አሉ ጎሹ። «ግን እንሞክራለን።»

ሰዓቱ ደረሰ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው ገቡና ሳይቀመጡ ቆሙ። ጎሹና ባላምባራስ በክፍሉ ሁለት ጥግ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። ሶሊያና መሐል ሆና ታስተረጉማለች። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ዳቦውን ታቅፈው በሩ አጠገብ ቆሙ።

አቶ ታዲዮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጆቻችን» ብለው ጀመሩ፤ ልጆቹ ከእሳቸው ሦስት ዓመት ይበልጣሉ። «በ1991 በመካከላችሁ ሰይጣን ገባ። ወንበሩን ያነሣው እጅህ ነው፣ ያስነሣህ ግን እሱ ነው። እግዚአብሔርን ብላችሁ ታረቁ።»

ሶሊያና ሰይጣኑን ትንሽ ቀንሳ አስተረጎመች።

«በጭራሽ!» አሉ ባላምባራስ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዞሩ። ግድግዳው ላይ የእሳት አደጋ መመሪያ ተለጥፏል። በታላቅ ቂም አነበቡት።

«ጀርባዬ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመኛል» አሉ ጎሹ፤ እንባቸው በቀጠሮ የመጣ ይመስል በአንድ ዓይናቸው ወረደ።

«እኔን ይመመኝ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ።

አቶ አስረስ ተራቸውን ወስደው ከመጽሐፍ ጠቀሱ። ባላምባራስ ሁለተኛውን እንቢታ አሰሙ፤ እንደታዘዙት ለስለስ አድርገው። አቶ ኅሩይ ከጎን ሆነው የወዳጃቸውን ፊት ብቻ ያያሉ። ምንም ጥርጣሬ የለበትም። ተመስገን አሉ በልባቸው።

«እኛ አንቀመጥም» አሉ አቶ ታዲዮስ። ደብተራቸውን አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። «አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ወንድም ነበረኝ። ከአገር ስወጣ ተኳርፈን ነበር። በማይረባ ነገር ነው፤ በጫማ። የሱን ጫማ አድርጌ ወጣሁ፣ እሱ ሰደበኝ፣ እኔም መለስኩለት። ስመለስ እታረቀዋለሁ ብዬ ሳልሰናበተው ሄድኩ። መጠለያ ሳለሁ መርዶው መጣ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ? የመጨረሻ ንግግሬ ስድብ ነበር።» ሁለቱን ጥጎች ተራ በተራ አዩ። «እናንተ ግን ይኸው፣ ሁለታችሁም አላችሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ። ምን ያስጠብቃችኋል?»

ይህን ነገር አቶ ኅሩይ በሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ቀን ሰምተውት አያውቁም። ሶሊያና ለማስተርጎም አፏን ከፈተች፣ ግማሹን በፈረንሳይኛ ግማሹን በጀርመንኛ ተናገረች፣ ተመልሳ በእንግሊዝኛ ጨረሰች።

ባላምባራስ ከግድግዳው ዞሩ። የተነገራቸውን ሥርዓት ረስተውታል። ዝም ብለው ሄደው ጎሹን አቀፏቸው። ጎሹም ለመነሣት ሞክረው ስላልቻሉ ተቀምጠው አቀፏቸው። ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚያስመስል ሰው አልነበረም። ከዚያ ባላምባራስ ትዝ አላቸውና ወደ ጎሹ ጉልበት ዝቅ አሉ፤ ጎሹም ቸኩለው አነሡአቸው።

አቶ አስረስ መረቁ። «ቂማችሁን እንደ ጉም ያብንነው!»

«ኤይሜን!» አሉ ጎሹ።

ዳቦው ተቆረሰ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለባላምባራስ በእጃቸው አጎረሱና «ከዛሬ ጀምሮ ደጃዝማች ብየዎታለሁ» አሏቸው። ሶሊያና ይህን እንዴት እንደምታስተረጉም ቸገራት፤ «ፕሮሞሽን አገኙ» አለች። ባላምባራስ የድሮ ባርኔጣቸውን እንደሚያነሡ ሁሉ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ወስደው እጅ ነሡ።

ተሰናብተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ አቶ ኅሩይ እንደ ሕፃን ቀለላቸው። አልፏል። ታዲዮስ አጠገባቸው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ የሰው ፊት እንዲህ ሲፈታ አይተው አያውቁም።

«ምን ታስባለህ?» አሉት።

«ጎሹ አዘነልኝ» አሉ አቶ ታዲዮስ። «አንተስ ደስ አለህ?»

«እኔማ! ለእኔ ምን አለ፣ ለእነሱ እንጂ።»

«እሱስ ነው፤ ለእነሱ» አሉ አቶ ታዲዮስ፣ ቶሎ ብለው።

«ውይ፣ ኮፍያዬ!» አሉ አቶ አስረስ። ሽማግሌ ከተላከበት ቤት ተነጣጥሎ ስለማይመለስ ሁሉም አብረው ዞሩ። ሶሊያና መኪና ለማዘዝ ወደ ውጭ ሄዳ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ጎሹ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ባላምባራስ ከፊታቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ የወዳጃቸው ወገብ ስለማይታጠፍ፣ የተፈታውን የጫማ ማሰሪያ ያስሩላቸዋል።

«አጠበቅኸው» አሉ ጎሹ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠበቅኸው ትላለህ። ሚስትህ ስታስርልህ ዝም ትላለህ።»

«እሷ አታጠብቅማ።»

ባላምባራስ ፈቱትና እንደገና ማሰር ጀመሩ።

አቶ ኅሩይ አላሰቡበትም፤ ቀኝ እጃቸው በራሱ ተነሥቶ የታዲዮስን ዓይን ሊሸፍን ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ከሌላ እጅ ጋር ተጋጨ። የታዲዮስ እጅ ነበር፤ ወደ ኅሩይ ዓይን እየመጣ ነበር። ከሁለቱ ፊት ወይዘሮ ሙሉወርቅ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘርግተው፣ ባላቸውንም ታዲዮስንም አንድ ላይ ለመከለል ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አቶ አስረስ ደግሞ የወይዘሮ ሙሉወርቅን ትከሻ ይዘው በቀስታ ወደ ግድግዳው ሊያዞሯቸው እየታገሉ «ሙሉዬ፣ ይሄን የእሳት አደጋ ማስታወቂያ አይተሽዋል?» ይሏቸዋል።

ከዚያ አራቱም እንደቆሙ ቀጥ አሉ። ሁለቱ እጆች አየር ላይ እንደተያያዙ ቀሩ።